ከሌላ ዲፓርትመንት መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፦

በአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛል ሲያቀርብ የንባብ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ከራሱ ዲፓርትመንት በር አይወጣም። ከዘርፉ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ከገባበትም «ይህን ምን አመጣው?» ብሎ የሚያስወጣ አማካሪ አይጠፋም። እንደ ጎንጅና ዋሸራ ያሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ይህ ይገርማል፤ የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ብቻ ይዞ ምሥጢር አይሞላለትም፣ ከታሪክም ከተፈጥሮም ይቀዳል።

ከሌላ ዘርፍ የመጣ መጽሐፍ ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እናንሣ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርለስ ዳርዊን በ1838 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ሊቁን የቶማስ ማልተስን የሕዝብ ብዛት ድርሰት ሲያነብ ስለ ዝርያዎች ማስታወሻ መያዝ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ማልተስ የሚከራከረው ስለ ሰው ቁጥርና ስለ ምግብ ነው። ዳርዊን ከዚያ የወሰደው አንድ ነገር ነው፦ የሚወለደው መኖር ከሚችለው ይበልጣል፣ ስለዚህ ሽሚያ አለ። ማልተስ ስለ ድሆች እርዳታ ያነሣው ክርክር ዳርዊንን ለተፈጥሯዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳቡ አላስፈለገውም። መጽሐፉ የጠቀመውም ጥያቄው አስቀድሞ በእጁ ስለነበረ ነው። ያለ ጥያቄ የሚነበብ የሌላ ዘርፍ መጽሐፍ መዝናኛ ይሆናል፤ መዝናናትም ክፉ አይደለም።

ወደ እኛ እንምጣ። በምዕራብ ጎጃም በአንጀኒ ተፋሰስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፈር ጥበቃ ምርምር ጎርፍና ደለል ተለክቷል። የአፈር መጽሐፍ የእርከኑን ርቀትና ከፍታ በተዳፋቱ ልክ ማስላት በሚገባ ያስተምራል፤ የተሠራው እርከን ለምን ሳይጠገን እንደሚቀር ግን አይነግረንም። እዚህ ላይ ፖለቲካ ሳይንቲስቷ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር ያሳተሙት መጽሐፍ ይረዳል። የስዊዘርላንድን ግጦሽና የስፔንን መስኖ መርምረው ለዘመናት የዘለቀ የጋራ አስተዳደር የሚታወቅባቸውን ስምንት ነገሮች አስቀመጡ፤ ተቆጣጣሪው ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂ መሆኑና ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ መክበዱ ከነዚህ ናቸው። ይህን ያነበበ የአፈር ተማሪ መጠይቁ ላይ እንዲህ ይጨምራል፦ ከዝናብ በኋላ እርከኑን ዞሮ የሚያይ ማን ነው? እርከን ላይ ከብት የለቀቀ ሰው መጀመሪያ ምን ይባላል? ለሦስተኛ ጊዜስ ቢለቅ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ኦስትሮም ያጠኑት በጋራ የሚያዝ ሀብትን ነው፤ እርከኑ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ነው ያለው። የጋራ የሆነው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው የሚወርደው ጎርፍ፣ ደግሞም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ ነው። ይህን ሳይለዩ ስምንቱን ነጥብ እንዳለ ወደ ቴሲስ መገልበጥ ሰንጠረዥ ከመሙላት አያልፍም።

አነባበቡ ከባድ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ይመረጥ፤ መግቢያው፣ መደምደሚያውና ዋናውን ሐሳብ የሚያብራራው ምዕራፍ በጥንቃቄ ይነበቡ፣ ሌላውን ገረፍ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ደራሲው የሚለው፣ አባባሉ እንዲሠራ መሟላት ያለበት ሁኔታ፣ በእኛ መስክ አቻ የሚሆነው ነገርና ሐሳቡን ውድቅ የሚያደርግ ማስረጃ ይጻፍ። ሁለተኛውን መሙላት ያቃተው መጽሐፉን ገና አላነበበም። ገጹን የዚያ ዘርፍ መምህር ይየው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ መጠይቁ ሳይባዛ ያልቃል። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ከሆነ ያልተጠየቀውን ለመጠየቅ እንደገና ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ሊመጣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በጀት የሚፈቅድ የለም።

የድኅረ ምረቃ ኮሚቴዎች በፕሮፖዛል ቅጹ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ «ከሌላ ዘርፍ የተነበበ መጽሐፍና ከእርሱ የተወሰደ ጥያቄ»። ባዶ ቢቀር ተማሪው አይውደቅበት፤ ከተሞላ ግን ገምጋሚው «ከዘርፉ ውጭ ነው» በማለት ብቻ እንዳይሰርዘው።

ከአክብሮት ጋር፣
የግብርናና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን፣ ደብረ ማርቆስ