ሪአክተሩ ሲፈርስ ቆሻሻው የት ይገባል?

ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ገና ስላልተሠራ የኑክሌር ሪአክተር (የኑክሌር ነዳጅ የሚሠራበት ምድጃ) አፈራረስ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር፣ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ርዕሱ ቢያስቃችሁ አልፈርድባችሁም።

በቀደም ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቁራሌው ልጅ ግራጫ የብረት ሳጥን በእጅ ሚዛን ሊመዝን ሲታገል አየሁት። ሳጥኑ ጎን ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት በቢጫ ተለጥፎበታል። «ይሄን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፣ የፋን ምልክት ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ፤ ምልክቱ የጨረር አደጋ ማስጠንቀቂያ ነዋ። ደግነቱ ሳጥኑ የአሮጌ ራጅ ማሽን ክፍል ነው። ራጅ ማሽን ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ ጨረር የለውም። ሁልጊዜ ጨረር የሚያወጣ የሲዚየም ዕቃ ቢሆን ኖሮስ? ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነው ይኸው ነበር። ሰው ትቶት ከሄደ የሕክምና ተቋም የሲዚየም መሣሪያ ወጥቶ ቁራሌ ገዢ እጅ ገባ። ሲፈለቀቅ ውስጡ ያለው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ሰዉ ተገርሞ ለዘመድ ለጎረቤት አካፈለው። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበከሉ።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ መስከረም 2018 ዓ.ም. አገራችንና ሩሲያ ሞስኮ ላይ ስለ ኑክሌር ጣቢያ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ስለተፈራረሙ ነው። ኑክሌር ሲባል ቦምብ የሚታየኝ ሰው አይደለሁም። መብራትም እፈልጋለሁ። ግን ብዙ አገር ባለሙያ የሚያሠለጥነው መጀመሪያ በትንሽ የምርምር ሪአክተር ነው። ያም ትንሽ ቢሆንም አንድ ቀን ይዘጋል፣ ይፈርሳል።

ሲፈርስ ምን ይወጣል? ከሁሉ የሚከፋው ነዳጁ ነው። ከዚያ አጠገቡ ሆኖ ከነዳጁ በሚወጡ ኒውትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲደበደብ የኖረው ሁሉ ይከተላል፦ ብረቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ ኮንክሪቱ። ብረት ውስጥ ያለች ጥቂት ኮባልት ጨረር ወደሚያወጣ ኮባልት-60 ትለወጣለች። የእሷ ጨረር በየ5 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቆልፎ 50 ዓመት መጠበቅ ብዙውን ይፈታል። ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዓይነት ካለ ግን ጨረር የሚያወጣ ካርቦን-14 አለ፤ እሱ በግማሽ ለመቀነስ 5,730 ዓመት ይፈልጋል። የጣና ገዳማትን ብራና ጥንታዊ የምንለው በመቶዎች ቆጥረን ነው።

ሰርቢያ ቪንቻ ላይ የነበረው የምርምር ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ አቆመ። ነዳጁ ገንዳ ውሃ ውስጥ እየዛገ እስከ 2010 ቆየ፤ ያኔ 2.5 ቶን ያህል ነዳጅ ወደ ሩሲያ ተጫነ። 26 ዓመት ማለት ነው። ዴንማርክ ደግሞ ሀብታም ናት፣ ሕጓም ጥብቅ ነው። ሪሶ ላይ፣ ልክ እንደኛ ውሃ ዳር፣ የመጨረሻውን ሪአክተሯን በ2000 ዘጋች። እስከ ዛሬ ግን ቋሚ መቅበሪያ አላገኘችም። ፓርላማዋ በ2018 የወሰነው ቢዘገይ እስከ 2073 በጊዜያዊ መጋዘን ይቀመጥ ብሎ ነው። (የሰርቢያና የዴንማርክ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር እንዳትሳሳቱ።)

እኛ ደግሞ ነገር ከመጣ በኋላ ማሰብ እንወዳለን። እምቦጭ ጣናን ከወረሰ በኋላ ነው ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። ዓባይ የሚወጣውም እዚሁ ከቤታችን ደጃፍ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ለማንኛውም ሪአክተር ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት የማፍረሻ ዕቅዱን ተቀበሉ፣ ለሕዝብም አሳዩ። የማፍረሻው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ኋላ «በጀት የለም» የሚባል ነገር እንዳይመጣ። ነዳጁን አቅራቢው መልሶ የሚወስደው ከሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ መቼና በማን ወጪ ጭምር። መጋዘኑ ከሐይቅና ከወንዝ ይራቅ። ከፍርስራሹ የሚወጣ ብረት ሳይለካ አንድ ኪሎ እንኳ ወደ ገበያ አይውጣ፤ ብረት ማቅለጫዎች በር ላይም የጨረር መለኪያ ይኑር።

አንድ ቀላል ነገር ግን ሪአክተር እስኪመጣ አይጠብቅም። የዚያች ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ትርጉም በአማርኛ፣ ከነሥዕሉ፣ ማንን መጥራት እንዳለበት ስልክ ቁጥር ተጽፎበት በየቁራሌ መግዣው ይለጠፍ። ቅጂ ብትልኩልኝ የመጀመሪያውን ለዚያ ልጅ እኔው አደርሳለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ በሰፈራችን ያልፋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ባሕር ዳር