ደህና ነኝ ብትልህ ደግመህ ጠይቃት

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ምራቴስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት እንደ ልማዱ ነው።

እህትህ ትናንት ደውላ ስፔን፣ ኮርዶባ ልትሄዱ እንደሆነ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌላውን አከለችበት። በሁለት ቀን አሥራ አራት ቦታ ለማየት ዝርዝር ጽፈሃል አሉ። ያውም በሰኔ ሙቀት፣ ሚስትህ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዝልኝ። ደህና ነኝ ብትልህ አትመን። ደግመህ ጠይቃት።

እኔና እናትህ በፈረንጆቹ 1996 አንተን አክስትህ ዘንድ ትተን ኮርዶባ እንደሄድን ታውቃለህ። ድልድዩ ላይ የተነሳነውን ፎቶ ሳሎን ውስጥ እያየህ ነው ያደግከው። የዚያን ቀን ነገር ግን አጫውቼህ አላውቅም።

የሰኔ ጾም ነበር። እናትህን ታውቃታለህ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እኔ ደግሞ ከማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ከገባን ጀምሮ አንዲት ደቂቃ እንዳትባክን እላለሁ። የአይሁዶችን ሰፈር ጠባብ መንገድ ለመንገድ ዞርን። በ1315 የተሠራውን ምኩራብ አየን። የአይሁዶቹ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ የተወለደበት ከተማ ነውና ሐውልቱ ጋ ሄድን። "ደከመሽ?" ስላት "ደህና ነኝ" አለች። አመንኳት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ምግብ ቤት ገባንና ሳልሞሬሆ አዘዝኩ። ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት አብሮ ተፈጭቶ በቀዝቃዛው የሚቀርብ ነው። የጾም መስሎኝ ነበር። ሲመጣ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ከላዩ ተነስንሶበታል። ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ሌላ እንዘዝ ስንል ወጥ ቤቱ ተዘግቷል አሉን። እዚያ አገር ከአሥር ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ሁለት ተኩል ድረስ የሚበስል ምግብ ማግኘት ከባድ ነው። እሷ ደረቅ ዳቦ ቆረሰች። እኔ የራሴን በላሁ።

የሮማውያኑ ድልድይ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ያኔ መኪናም ያልፍበት ነበር፤ ከፈረንጆቹ 2004 ወዲህ ግን ለእግረኛ ብቻ ሆኗል። መሐሉ ላይ የመልአክ ሐውልት አለ፤ ሥሩ ሻማ ያበራሉ። እናትህ አንዲት አሮጊት በምልክት ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። "ራፋኤል" አለቻት። ቅዱስ ሩፋኤል የዚያች ከተማ ጠባቂ ነው። እናትህ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። "ነይ እንጂ፣ ይዘጋብናል!" ብዬ ጮህኩባት። መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ ጮህኩባት ልጄ።

ታላቁ መስጊድ ግቢ ስንደርስ እግሯ እምቢ አላት። ብርቱካን ዛፍ ሥር ተቀመጠች። "አንተ ግባ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለች። ቲኬቱ ተቆርጧል። ገንዘቡ አሳሳኝ። ትቻት ገባሁ።

ከ850 በላይ ዓምድ ነው ያለው። ብዙዎቹ ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ አገሩን ከገዙት ከቪዚጎቶች ሕንፃ የመጡ ናቸው። አጭር ስለሆኑ ቅስት በቅስት ላይ ደርበው ጣሪያውን ከፍ አድርገውታል፤ ቀይና ነጭ፣ ቀይና ነጭ። የሙስሊሞቹ ገዢ ቀዳማዊ አብዱራህማን በ785 ገደማ አስጀመረው። ከተማዋ በ1236 በክርስቲያኖቹ ስትያዝ ካቴድራል ሆነ። ከ1523 ጀምሮ ደግሞ መሐሉን አፍርሰው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው በጥቂት እርምጃ ትሻገራለህ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ያየሁት ግን ብቻዬን ነው። ማታ "ውስጡ ምን ይመስላል?" ስትለኝ "ዓምድ ነው፣ ብዙ ዓምድ" አልኳት። ሌላ ቃል አጣሁ።

ከተመለስን በኋላ ነው የነገረችኝ። እህትህን ፀንሳ ነበር፤ ሁለት ወር አልፏታል። "ደስታህን እንዳላበላሽ ብዬ ነው" አለችኝ። በእኛ ዘንድ ምጥ የያዛት ሴት ሩፋኤልን ትጠራለች። ድልድዩ ላይ ስለ ምን ትጸልይ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የእህትህ የክርስትና ስም ወለተ ሩፋኤል የሆነው ለዚህ ነው።

እና የኔ ጌታ፣ ያን ዝርዝር ቅደደው። መዲና አዛራ ከከተማ ውጭ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፍርስራሽ ነው፤ ለሷ አይሆንም። የደወሉ ማማ ላይ እንዳትወጡ። ጠዋት በጊዜ ወጥታችሁ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ክፍላችሁ ግቡ። እስከ አሥራ አንድ እረፉ፤ አገሬውም በሙቀቱ ሰዓት ቤቱ ያርፋል። ሆቴሉ ማቀዝቀዣ እንዳለው ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቅ። ምሳ ከስምንት ሰዓት እንዳያልፍ።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። እሳቸው ያሉትን ስማ፣ የሷን እልህ አትስማ። የጾም ስታዝዙ "ሲን ሃሞን፣ ሲን ዌቦ" በሉ፤ ያለ አሳማ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። የተጠበሰ ደበርጃን በሸንኮራ ማር ያቀርባሉ፤ ይጥማታል። ፍላሜንኪን የሚሉት ጥቅልል አሳማ ነው፣ እንዳትሳሳቱ። እናትህ ቆሎ እየቆላች ነው፣ በፖስታ ይደርሳችኋል። ከቦርሳዋ አይጥፋ።

አሁንም እደግመዋለሁ። ደህና ነኝ ስትልህ ፊቷን እይ። ከዚያ ደግመህ ጠይቃት።

ድልድዩ ላይ ስትደርሱ በኔ ስም አንድ ሻማ አብራ። አታጣድፋት፤ የፈለገችውን ያህል ትቁም።

መስጊዱ ውስጥ ስትገባ ስልክህን አውጥተህ ቅረጽልኝ። ቀስ ብለህ ከመግቢያው ጀምር። ዓምዶቹን፣ ጣሪያውን፣ በወርቅማ ሞዛይክ የተሠራውን ሚህራብ፣ የሙስሊሞቹን የጸሎት አቅጣጫ የሚያሳየውን የግድግዳ ጓዳ ሳይቀር ቅረጽ። አታውራበት። እንደደረሰኝ ለእናትህ አሳያታለሁ።

አባትህ