ያልተከካው ምስር

ለውድ እናቴ፣ ድሬዳዋ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሊዮን በባቡር ተሳፍሬ ለፒዊ የምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። ስሙን ደግመሽ በይው። ፈረንሳዊው የባቡር መካኒክ ሙሴ አያትሽ በስተርጅና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ሉፒ፣ ሉፒ» ይሉ እንደነበር ነግረሽኛል፤ አንቺ የቀድሞ ውሻቸውን የሚጠሩ ይመስልሽ ነበር። እማዬ፣ ውሻ አይደለም። አገራቸውን ነው ሲጠሩ የኖሩት።

ያሳመነኝ ምስሩ ነው። ጎረቤት ሁሉ ክክ ሲሠራ አንቺ ድፍኑን ትቀቅይ ነበር፤ ስንጠይቅሽ «አያቴ እንዲህ ነው የሚወዱት» ትይን ነበር። የለፒዊ ምስር በመላው ፈረንሳይ የታወቀ ነው፦ ጥቃቅን፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሳይከካ እንዳለ የሚቀቀል። ገበያ መካከል እፍኝ ዘግኜ ቆሜ አለቀስኩ።

ዳንቴሉም ከዚያው ነው። ከተማዋ ለዘመናት የኖረችው በዳንቴል ሥራ ነው፤ ቃሉ ራሱ የእነሱ ነው። ኪሮሽሽን ይዘሽ «አን፣ ዱ፣ ትሯ» እያልሽ ስትቆጥሪ፣ ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ ፊት በአማርኛ ቁጠሪ ብዬ የተቆጣሁሽን አስታወስኩ። አንቺ ዝም ብለሽ በአማርኛ ጀመርሽ። ይቅር በይኝ።

እሳቸው የሠሩበት የጅቡቲ ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ ቢያስቸግር ሜዳውን ያዘ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከተማችንም ተቆረቆረች። ሐዲዱ ተራራውን ቢወጣ ኖሮ እኚያ መካኒክ ከሴት አያትሽ ጋር የት ይገናኙ ነበር? መንገድ ላይ ሳለሁ ይህንን ብቻ ሳስብ ነበር።

በለፒዊ፣ ከሾጣጣ ዓለት አናት ላይ፣ ለቅዱስ ሚካኤል የተሠራች ጥንታዊ ቤተ ጸሎት አለች። ደረጃዋ 268 ነው። ልክ አንቺ ዳንቴሉን እንደምትቆጥሪው እየቆጠርኩ ወጣሁ፤ ለሙሴ አያትሽም ሻማ ለኮስኩላቸው። ምናልባት እሳቸውም በልጅነታቸው እየሮጡ ወጥተውት ይሆናል።

አንድ ኪሎ ምስር ገዝቼ መጥቻለሁ፤ እስካሁን አልነካሁትም። እሑድ ስደውልልሽ ንገሪኝ፦ ጨው የምትጨምሪው ገና ሲፈላ ነው ወይስ ከበሰለ በኋላ? ሽንኩርቱንስ ሳትከትፊ ነበር የምትጨምሪው?

ልጅሽ፣ ከሊዮን