በጋራዥ ጣልያንኛ ሮም ገባሁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሻንጣው ጠፍቶበት «አውሮፓን በሆቴል መስኮት አይቼ ተመለስኩ» ያለውን አንባቢ ደብዳቤ አነበብኩ። አዘንኩለት። ትንሽም ተናደድኩበት። እኔም ባለፈው ዓመት ሮም ላይ ይኸው ነገር ደርሶብኛል።

የሄድኩት ለልጄ ምርቃት ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ የምርቃቷ ቀን የምለብሰው ሱፍ፣ በርበሬና ሽሮ አለ። ትራንዚት ላይ ቀረ። የሮም ኤርፖርት ፊዩሚቺኖ ስደርስ የሻንጣው ማዞሪያ ባዶውን ሲሽከረከር ቆይቶ ቀጥ አለ። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ታርቀናል።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ እንግሊዝኛዋ ከኔ አይሻልም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሶማሌ ተራ መኪና ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ነኝ። የማውቀው ጣልያንኛ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ ነው። ሻንጣህ ምን ይመስላል ስትለኝ አራት ጣቴን አውጥቼ «ጎማ!» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ሥዕል ያለበት ወረቀት አምጥታ አስመረጠችኝ።

ያ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ። ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ፎርም አስሞልቶ ቁጥሩን መቀበል ነው። ለሻንጣው የተሰጠችውን ቁራጭ ወረቀት አለመጣል። የካልሲም የሳሙናም ደረሰኝ ይቀመጥ። በሞንትሪያሉ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ስምምነት መሠረት ሻንጣ 21 ቀን ካለፈው እንደጠፋ ይቆጠራል። ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ ከተረከቡት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሻንጣ አያመጣም።

እኔ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም ከማይርቀው የኤስኩዊሊኖ ገበያ ካናቴራና ሸሚዝ ገዛሁ። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ከተማውን ተያያዝኩት። የሚጎተት የለ፣ የሚጠበቅ የለ።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው! ስንቱ ሐበሻ ይህን ሳያውቅ እዚያ አውቶቡስ ይጠብቃል። ራመድ ብሎ ባለው መናፈሻ መታሰቢያቸው አለ፤ ከግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት ነው። ዛሬ ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳችን በወረራው ጊዜ ተወስዶ እግሩ ሥር ነበር የተቀመጠው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንዲት ሴትዮ አጠገቡ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረድኩ። ፖርታ ካፔና እዚያው ነው፤ የአክሱም ሐውልታችን ወደ ሰባ ዓመት ግድም የቆመበት ቦታ። በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ክሪክ ሲያነሳ ለኖረ ሰው ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ባዶውን ቦታ እያየሁ፣ ከየት ይዘው አነሱት እያልኩ ሳሰላ ግማሽ ቀን ሄደ።

ሲጠማኝ ውሃ አልገዛሁም። መንገዱ ሁሉ ላይ «ናዞኔ» የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው። ውሃው ቀን ከሌት ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብዬ ስታገል አይተው አሠራሩን አሳዩኝ። የቧንቧውን አፍ በጣት ድፍን ሲያደርጉት ውሃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል። የመጀመሪያው ቀን አዲሱን ሸሚዜን አጠብኩበት። ማኪያቷቸው ግን ጉድ ነው። የኛን ለምዶ ለሄደ ሰው ጅማሬው ላይ ያልቃል።

ሻንጣው በአራተኛው ቀን፣ በምርቃቱ ዋዜማ መጣ። የበርበሬው ላስቲክ ፈንድቶ ሱፌ ቀልቷል። አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ይዤ ገብቼ «ላቫጆ!» አልኩ። ላቫጆ እነሱም ጋ ለመኪና ነው መሰለኝ፣ ሰውየው ሱፉንና እኔን አፈራርቆ አየ። ከዚያ አስነጠሰው። ያም ሆኖ ለጠዋት አደረሰልኝ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። የምርቃቱ ፎቶ ላይ ልጄ የቅጠል አክሊሏን ደፍታ ትስቃለች፤ ከጎኔ የቆሙት መምህሯ አፍንጫቸውን ይዘዋል።

የጋራዥ ባለሙያ፣ ከሶማሌ ተራ