የፎቶግራፍ ክበብ፦ ካሜራ እንግዛ ወይስ ሌንስ?

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በክርክር ነው። በወላጆች ቀን ፎቶ አንስተን በመሸጥ ባጠራቀምነው ገንዘብ ምን እንግዛ? አብዛኛው አባል “ቲቸር፣ አዲስ ካሜራ ይገዛልን፤ ይሄኛውማ አርጅቷል” ባይ ነበር። በእጃችን ያለው ካኖን 1300ዲ እውነትም የቆየ ነው፤ 18 ሜጋፒክስሉ ግን ለዚህ መጽሔት ሽፋን እንኳ ይተርፋል። አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ሌንስም በግንብ ለታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ለጁገል ውስጥ ሥራ ተመራጭ ነው። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊውን ከነማሽኑ ለማስገባት ወደ ኋላ ልሂድ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፤ ያኔ ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው 18ቱ ያድናል። ወፍ ለማንሳት ሲሆን ግን ያ ሌንስ የትም አያደርስም። ስለዚህ ካሜራው ይቆይና ያገለገለ ከ55 እስከ 250 ሚሊሜትር ሌንስ ይገዛ አልኩ። የካሜራችን ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ በመሆኑ 250ው በትልቅ ሴንሰር ላይ የ400 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል። ጥቂቶች አኮረፉ፤ በድምፅ ብልጫ ግን አለፈ።

ግዢው ድሬዳዋ ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበልንን ሌንስ ክዳኖቹን ከፍታ በስልኳ ባትሪ ከኋላ በኩል አበራችበትና ቀስ እያለች አዟዟረችው። ጥግ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነገር ታየ፤ ሻጋታ ነው። ነጋዴው “ይጠረጋል” አለን። ሻጋታ ግን የመስታወቱን ቅብ ስለሚበላ ቢጠረግም ምልክቱ ሊቀር ይችላል፤ መለስንለት። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ዙሙን ስናዞረው አሸዋ የበላ ድምፅ አላሰማም፣ ካሜራው ላይ ገጥመን ቅርብና ሩቅ ስንሞክረው ፎከሱ ቶሎ ያዘ። ዋጋው ላይ ተከራክረን ወሰድነው።

ልምምዱን ያደረግነው ጊዲር መጋላ ገበያ ነው። ሥጋ ተራው ላይ የሚያንዣብቡት ጭላቶች ቁራሽ ሲወረወርላቸው ተወርውረው ይቀልባሉ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በ1/250 ሰከንድ የተነሳው ሁሉ ክንፉ ተዝረክርኮ ወጣ። ወደ 1/2000 ከፍ አድርገን፣ ለጎደለው ብርሃን አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ስንጨምር ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢልም የጭላቱ ጥፍር ተለይቶ ታየ። ልጆቹ አሸዋውን ጠሉት። እኔ ግን የደበዘዘውን እጥላለሁ እንጂ አሸዋ ያለበትን አልጥልም።

ማታ ፈላና በር ጅቦቹ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ አዲሱ ሌንስ ከቦርሳ አልወጣም። ጅቡ መጋቢው እጅ ድረስ መጥቶ ይበላል፤ የሚቸግረው ጨለማው እንጂ ርቀቱ አይደለም። ሠርግ ከሚያነሱ አንድ ወላጅ ባለ 1.8 ቀዳዳ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ተዋስን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ይሰፋል። 250ው ሲረዝም ቀዳዳው 5.6 ብቻ ስለሆነ፣ የተዋስነው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የባጃጁ መብራት ከጎን እንዲያርፍ ቆመን አነሳን። ፍላሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ እንስሳውንም መጋቢውንም ያስደነብራል፣ ፎቶው ላይም የጅቡ ዓይን ብቻ ቦግ ብሎ ይወጣል። ስሙን መጥራት ባያስፈልግም፣ ያኮረፈው ተማሪ የዓመቱን ምርጥ ፎቶ ያነሳው በዚያ ምሽት ነው።

የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ሙዚየምም ጎብኝተናል። ሰውዬው ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐረር ራሱን ሳይቀር ፎቶ አንስቷል። ለቤተሰቡ ሲጽፍ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት ውሃ መጥፎነት እንደሆነ ገልጿል። የሐረር ውሃ ያኔም ይወቀስ ነበር ማለት ነው!

ደርቆ ከርሞ ውሃው ወደተመለሰለት ሐረማያ ሐይቅ የሄድነው ገና ሳይነጋ ነው። ረፋዱ ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ያኔ የሩቅ ፎቶ ውድ በሆነ ሌንስም አይጠራም። ትራይፖዱን ትተን ሽምብራ የሞላንበትን ትንሽ ከረጢት ይዘን ነበር። ሚኒባሱ ሞተሩን አጥፍቶ ከረጢቱ መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ ሌንሱ ሰምጦ ይይዛል። በመንገዱ አቧራ የተነሳ ሌንስ መቀየር የተፈቀደው መስኮት ተዘግቶ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ተደፍቶ ብቻ ነው። ሴንሰር ላይ በአፍ እፍ ማለትም ክልክል ነው፤ ምራቅ ይረጫል፤ የጎማ መንፊያ አለ።

ለመጪው ዓመት ሁለተኛ ባትሪና የራሳችንን 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጠይቀናል። ሚሞሪ ካርድም አንድ ትልቅ ከሚሆን ሁለት መለስተኛ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር ያለውን ሌንስ የሚመኙ አሉ። ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚዞር ክበብ አልመክረውም፣ ዋጋውንም ተዉት። አዲስ አባል ለመመዝገብ ካሜራ ማምጣት አይጠበቅበትም፤ ስልክ ይበቃል።