ግንቡን ማን ባዶ አደረገው?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ቬሮናው ካስቴልቬኪዮ ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ጣሊያኑ የተጻፈው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ፣ በኋላ ካርሎ ስካርፓ የሚባል አርክቴክት አድሶት ዛሬ ሥዕልና ሐውልት የሚታይበት ሙዚየም ሆኗል። እዚያው ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን መጨረሻ ላይ የእኛው ፋሲል ግንብ «ባዶ ድንጋይ» ነው ብሎ ዘጋው። እናመሰግናለን። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ሳስጎበኝ የኖርኩት ለካ ባዶ ድንጋይ ነው!

ግንቡ ውስጥ እንደ ቬሮና ሥዕል ተደርድሮ አይጠብቅህም፣ እሺ። የጎንደር ሥዕል ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘጋቢያችሁ በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቅ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ ቀና ቢል፣ ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ቁልቁል ያዩት ነበር። እኔ እንግዳ ይዤ ስገባ እዚያች ጋ ምንም አላወራም። ሰዉ ራሱ ዝም ይላል።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታጣቂዎች ካስቴልቬኪዮ ገብተው 17 ሥዕል ስለ መዝረፋቸው ዘጋቢያችሁ አንድ ሙሉ አንቀጽ አልቅሷል። ይልቀስ፣ ያሳዝናል። እነዚያ ሥዕሎች ግን ዩክሬን ተገኝተው በዓመቱ ቤታቸው ገብተዋል። የእኛዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን እዚሁ ጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በምትኩ አብሯቸው የመጣ ሠዓሊ የሣለውን ቅጂ ለጠፉበት። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ልውውጥ መሆኑ ነው እንግዲህ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የድሮውን በልጅነቷ አይታዋለች። ቅጂውን ግን አንድም ቀን አልተሳለመችም፤ መቃኑን ስማ ትመለስ ነበር።

ዋናውን በዓይኔ ልይላት ብዬ ቪዛ ጠይቄ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። «ለመመለስህ ምን ማስረጃ አለህ?» አሉኝና ከለከሉኝ። ሥዕሎቹንም ሲወስዱ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው በነበረ!

እና «ባዶ» የምትለዋን አርሙልኝ። ዘጋቢያችሁም ጎንደር ከመጣ አባ እንጦንስ ድረስ እኔው ይዤው እወጣለሁ። በነጻ ግን አይደለም።

አስጎብኚው፣ ከጎንደር