ትችትና ስድብ ይለዩ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ትችት ጀማሪ ጸሐፊዎችን ተስፋ እያስቆረጠ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። በከፊል እስማማለሁ። ሰው ፊት «አይረባም» ተብሎ መጻፍ የተወ ወጣት እዚሁ ደሴ አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል። ግን ልጁን የሰበረው ትችት አይደለም፤ ስድብ ነው።

ትችት ጉድለቱ የት እንዳለ ያሳያል። ከዓመታት በፊት በአንድ የግጥም ምሽት አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። ስወጣ አንድ አዛውንት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ሦስተኛው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ ነው የገባው» አሉኝ። ተናደድኩ። ሌሊቱን በልቤ ስሟገታቸው አደርኩ። በሳምንቱ ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው ልክ ነበሩ። ሰረዝኩት። እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ደግሞስ ለወሎ ይህ መቼ አዲስ ሆነ? ከታወቁት ሦስት የቅኔ ቤቶች አንዱ ዋድላ የኛው ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። የሚታረመው ቅኔው ነው፣ ልጁ አይደለም። እርማቱ የትምህርቱ አካል ስለሆነ ተማሪው ይለምደዋል። የኛ ጀማሪዎች ግን ጭብጨባ ብቻ ለምደው አንድ ቀን ድንገት ትችት ይገጥማቸዋል።

ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ የግጥም ምሽት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከየንባቡ በኋላ 10 ደቂቃ ለአስተያየት ስጡ። ተናጋሪው ስንኙን ጠቅሶ ምክንያቱን ያስረዳ። ገጣሚው እዚያው አይመልስ፤ ማስታወሻ ይያዝ። በሚቀጥለው ምሽት ያረመውን ግጥም ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት ይዞ ይምጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ